አባትነትን የሚጠብቅ ወንድና ጭንቀቱ

ደወሌ ላይ ለባቡርና ለጉምሩክ ሠራተኞች፣ ለሾፌሮችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ግብዣችሁ ሲደርሰኝ የጠየቃችሁኝ ስለ ወንዶች ጤና እንድናገር ነበር፤ ርዕሱን ግን ለእኔ ተዋችሁት። ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት መናገር ይቻል ነበር። ዛሬ የመጣሁት ግን ወንዶች እርስ በርሳቸው እንኳ የማይነጋገሩበትን ጉዳይ ይዤ ነው፤ አግብቶ ልጅ ስላልወለደ ወንድ፣ በልቡ ስለሚያመላልሰው ሐሳብ፣ ያ ሐሳብ ደግሞ ዘሩን ምን እንደሚያደርገው።

ይህን ለመናገር ደወሌ ትክክለኛ ቦታ ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 752 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው የባቡር መስመር ድንበር የሚሻገረው እዚህ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው የክፍያ መንገድም የሚያበቃው እዚህ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሚስታችሁን ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ ወይም ከዚያም ርቆ ባለ ቦታ ትታችሁ የምትሠሩ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ የዚህ አገር ልጆች ናችሁ፤ በሲቲ ዞን ድርቅ ሲመላለስ ግመልና ፍየል ያለቀባችሁ፣ ኑሮን እንደገና ከዜሮ የጀመራችሁ። ከቤት መራቅ፣ የሌሊት ሥራ፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ሙቀት፣ ጫት፤ በሌላ ቦታ ተበታትነው የሚገኙ ነገሮች እዚህ ከተማ ውስጥ ተሰብስበዋል።

ዛሬ ማታ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። የወንድ ጭንቀት የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ጥፋት ግን አይደለም። መጀመሪያ ሐሳብ ከአካል ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ፤ እዚያ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሽማግሌዎች ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። በመጨረሻ ስለ ዝምታችንና ስለ ምርመራ እናገራለሁ።

አስቀድመን ግን መካንነት ምን እንደሆነ እንስማማ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ባልና ሚስት ያለ ወሊድ መከላከያ፣ በመደበኛነት እየተገናኙ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይተው እርግዝና ካልመጣ መካንነት ይባላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ እንደሚያጋጥመው ገልጿል። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ከወንዱ በኩል ችግር አለ፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሴቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ። ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ በግማሽ ያህሉ።

አሁን ይህን ወደ እኛ አካባቢ አምጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት በሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 7.2 ልጅ እንደምትወልድ አሳይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነበር። ሰባት ልጅ በሚወለድበት መንደር አንድም ያልወለደ ሰው ውሎ አዳሩ እንዴት እንደሆነ አስቡት። በየደጁ ሕፃን ይሮጣል። በየሠርጉ "ውለዱ ክበዱ" ይባላል። በየመንገዱ የሚያገኘው ሽማግሌ "ዓይንህን በዓይንህ ያሳይህ" ብሎ ይመርቀዋል፤ ምርቃቱ ለሰጪው ደግነት ነው፤ ለእርሱ ግን ቁስሉን መንካት ነው። የአባቶቹን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ ትውልድ በትውልድ መቁጠር የተማረ የሶማሌ ወንድ ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠራ ስም አለመኖሩን ሌሊት ሌሊት ያስባል። ጭንቀቱ ትክክለኛ ጭንቀት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ሐሳብ ከጭንቅላት ወርዶ ዘር ጋ እንዴት ይደርሳል?

የወንድ ዘር የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከአንጎል ነው። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ በየአንድ ሰዓት ተኩል፣ በየሁለት ሰዓት ገደማ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ፒቱታሪ ለምትባል እጢ ይደርሳል፤ እሷም ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። አንደኛው ቆለጥ ቴስቶስትሮን እንዲሠራ፣ ሁለተኛው ስፐርም እንዲያመርት ያዛል። የባቡር ሠራተኞች ይህ አይከብዳችሁም፤ ባቡሩም ሐዲዱም ደህና ሆኖ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ምልክት ካልመጣ ጉዞ የለም።

ሰው ሲጨነቅ ያው አንጎል ሌላ ትእዛዝ ያወጣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል እንዲለቁ ያደርጋል። ይህ አሠራር የተዘጋጀው ለአጭር አደጋ ነው። ጅብ ሲመጣ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ያግዛል፤ ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ብድር፣ ኬላ ላይ የተያዘ ዕቃ፣ የሞተ ከብት፣ የታመመች እናት ግን በአንድ ሌሊት አያልፉም። ኮርቲሶል ለሳምንታትና ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ ከአንጎል የሚወጣው የዘር መልእክት ይደክማል፤ ቴስቶስትሮን ይቀንሳል፤ የስፐርም ብዛትና እንቅስቃሴም አብሮ ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1995 ጃፓን ውስጥ ኮቤ የተባለችውን ከተማ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከአደጋው በፊት የዘር ምርመራ አድርገው የነበሩ ወንዶች በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ስፐርም እንቅስቃሴው ደክሞ ተገኘ። ማንም አልመታቸውም፤ መድኃኒትም አልወሰዱም፤ ቤታቸው ነው የፈረሰው። ዴንማርክ ውስጥ 1,215 ወጣት ወንዶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ በጣም የተጨነቁት ወንዶች የስፐርም ክምችት መካከለኛ ጭንቀት ካለባቸው በ38 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ስለ እንቅልፍም ልጨምር፤ የሌሊት ፈረቃና የሌሊት መንገድ የምታውቁ ሰዎች ስለሆናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቺካጎ ውስጥ ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። አንድ ሳምንት ብቻ።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ጭንቀት ስፐርምን ይቀንሳል ማለት ጭንቀት መካን ያደርጋል ማለት አይደለም። ይህ ክልል ድርቅም፣ ግጭትም፣ መፈናቀልም አይቷል፤ ያም ሆኖ በዚያ ጥናት 7.2 ልጅ የተቆጠረበት ክልል ነው። ጭንቀት ብቻውን ዘር የሚዘጋ ቢሆን ይህ ቁጥር አይኖርም ነበር። ዘሩ ብዙና ጠንካራ የሆነ ሰው ትንሽ ቢቀንስበትም ይወልዳል። ችግሩ የሚብሰው ቀድሞውኑ አፋፍ ላይ ላለው ሰው ነው፤ በሌላ ምክንያት ዘሩ አነስተኛ የሆነበት ሰው ላይ ጭንቀት ሲጨመርበት። ስለዚህ ልጅ ያጣን ሰው "አትጨነቅ፣ ትወልዳለህ" ማለት ትክክለኛ ምክር አይደለም። ያስጨነቀው ራሱ ልጅ ማጣቱ ሆኖ ሳለ ጭንቀቱን ጥፋት አድርገን ስንነግረው ሁለተኛ ሸክም እንጭንበታለን። ጭንቀቱ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ጥፋት አይደለም።

ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። አንድ ስፐርም ተመርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ለመብሰል ሁለት ሳምንት አካባቢ ይጨምራል። በጠቅላላው ሦስት ወር በሉት። ዛሬ የተመረመረ ሰው ውጤቱ ላይ የሚያየው ከሦስት ወር ወዲህ የኖረውን ኑሮ ነው። ይህ ለተስፋም ለትዕግሥትም ይጠቅማል። ዛሬ እንቅልፉን ያስተካከለ፣ ሲጋራውን የተወ፣ ሐሳቡን ለሰው ያካፈለ ሰው ለውጡን በሳምንት አያየውም፤ በሦስት ወር ግን ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ መኝታ ቤት እንግባ።

በእኔ እምነት ሐሳብ የወንድን አባትነት የሚያደናቅፍበት ትልቁ መንገድ ሆርሞን አይደለም፤ አልጋ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። የተጨነቀ ወንድ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ብልቱ አልቆም ይለዋል፣ ወይም ይቆምና ይከዳዋል፣ ወይም ዘሩን ቶሎ ይረጫል። ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የምንለው ይህን ነው። ብልት የሚቆመው የደም ሥሮች ሲላሉና ደም ሲሞላባቸው ነው። አድሬናሊን ደግሞ የደም ሥሮችን ያጠባል። የፈራ ሰው፣ "ዛሬም ቢከዳኝስ?" ብሎ የገባ ሰው፣ ያንኑ የፈራውን ነገር በራሱ ፍርሃት ይጠራዋል። አንድ ሌሊት የደረሰበት በሁለተኛው ሌሊት የበለጠ ይፈራል። ከዚያ ሰበብ ይፈልጋል፤ ደክሞኛል፣ አመመኝ፣ ጓደኞች ጋ አመሻለሁ ይላል። ሚስቱ ሌላ ሴት የያዘ ይመስላታል። ልጅም አይመጣም፣ ፍቅርም ይቀዘቅዛል።

አዲስ ሙሽራ በሠርጉ ሌሊት ሲሳነው "ጠላት አሠረው" ይባላል፤ ድግምት ነው፣ ሲሕር ነው ይባላል። በሶማሌም፣ በኦሮሞም፣ በአማራም ቤት ሰምቼዋለሁ። ለማንም እምነት ያለኝን አክብሮት ይዤ አንድ የሐኪም መለያ ልስጣችሁ። ይህ ሰው ተኝቶ ሳለ ወይም ጠዋት ሲነቃ ብልቱ ይቆማል? አዎ ካለ አካሉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ያሠረው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ይታከማል። ቤተ ሰቡ በር ላይ ቆሞ ውጤት የሚጠብቅበት ሌሊት ማንንም ያስፈራል። ሙሽሮች ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ጥያቄ ቢተዉ፣ ተቀራርበው ቢጨዋወቱ፣ ነገሩ በራሱ የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠዋትም የማይቆምለት፣ ችግሩ ቀስ በቀስ እየባሰ የመጣበት ሰው ግን ስኳሩን፣ ደም ግፊቱንና ሆርሞኑን ይመርመር።

አሁን ሾፌሮች ስሙኝ፤ ከቤተሰብ ርቃችሁ የምትሠሩ ሁሉ ስሙኝ። አንድ ሾፌር እናስብ። ቤቱ አዳማ ነው። ወደብ ደርሶ፣ ጭኖ፣ ተራ ጠብቆ፣ አራግፎ ሲመለስ ቤቱ የሚያድረው በወር ሁለት ሌሊት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልጅ የለም። እናቱ "ሚስትህ መካን ናት" ትለዋለች። እርሱም ማመን ጀምሯል።

እንቁጠርለት። ሴት ልጅ በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ልትፀንስ የምትችለው በስድስት ቀናት ብቻ ነው፤ እንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀናት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስፐርም በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሉ ግን ከ24 ሰዓት አያልፍም። የኛ ሾፌር የሚመጣባቸው ሁለት ሌሊቶች ከእነዚያ ስድስት ቀናት ውጭ እየዋሉ ከሆነ ሁለት ዓመት አይደለም አራት ዓመት ቢጠብቅ አይደንቅም። መጀመሪያ የተናገርነውን አስታውሱ፤ "በመደበኛነት እየተገናኙ" ብለናል። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ማለት ነው። ይህ ሰውና ሚስቱ መካን ለመባል የሚያበቃውን ጊዜ ገና አልጀመሩትም! ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የጎደላቸው አብሮ ማደር ነው።

በዚያ ላይ ሐሳቡ አለ። በወር ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው እነዚያ ሌሊቶች ፈተና ይሆኑበታል። ደክሞ ይደርሳል፤ አይተኛም፤ "ዛሬ መሆን አለበት" ይላል። በግድ የሚደረግ ነገር ደግሞ ይከዳል። ሚስቱም ቀኑን ቆጥራ ትጠብቀዋለች፤ ፊቱን አይታ ታዝናለች። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ሐኪም ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስንት ሌሊት አብራችሁ ታድራላችሁ ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ከመልሱ በኋላ የሁለቱም ትከሻ ይላላል።

ምን ይደረግ? ሚስትህ የወር አበባዋን ቀን ትጻፍ። ዑደቷ የማይዛነፍ ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የዓመት ፈቃድህን በዚያ ሳምንት አውጣ፤ ካልሆነ እሷ ድሬዳዋ ድረስ ትምጣ። የባቡርና የጉምሩክ አለቆች እዚህ አላችሁ፤ አንድ ሠራተኛ ፈቃድ ሲጠይቅ ቀኑን እንዲመርጥ ፍቀዱለት፤ ለምን ብላችሁም አትጠይቁት። ለእናንተ ቀላል የሆነ ነገር ለአንድ ቤት ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙቀት ባጭሩ። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ከሌላው አካል ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ሙቀት ነው። በደወሌ ፀሐይ የጋለ ጋቢና ውስጥ ለሰዓታት መቀመጥ አይመቸውም። በየጊዜው ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ፤ ጠባብ የውስጥ ሱሪና ጂንስ ተዉ።

ጫትን ግን ባጭሩ ልተወው አልችልም፤ ምክንያቱም ብዙ ወንድ ጭንቀቱን የሚያክመው በጫት ነው። በርጫው ላይ ሐሳብ ይቀላል፣ ወሬ ይጥማል፣ ሰው ራሱን ያምናል። ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ የለም፤ እንቅልፍ ለማምጣት ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል። ጠዋት ሰውዬው ድብርት ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሐራራ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት የየመናውያን የጫት ሱሰኞችን ዘር መርምሮ ቅርጻቸው የተበላሸ ስፐርሞች በርክተው አግኝቷል። እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ እንቅልፉና ከሚስቱ የወሰደበት ጊዜ ነው። ወር ሙሉ ጠብቆ ቤቱ የደረሰ ሰው ያንን ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ሌሊቱን ደግሞ ግድግዳ ሲያይ ካሳለፈው፣ ከስድስቱ ቀናት አንዱን እንዲሁ አጠፋው ማለት ነው። ልጅ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ለሦስት ወር ይተወው፤ ሦስት ወር ለምን እንዳልኩ አሁን ታውቃላችሁ።

የድንበር ከተማ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለወንድነት ተብሎ የሚሸጥ ክኒንና መርፌ አለ። ቪያግራና መሰሎቹ በሐኪም ትእዛዝ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው፤ የተወሰነ ዓይነት የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሊሞትባቸው ይችላል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለም ማንም አያውቅም። የባሰው የቴስቶስትሮን መርፌ ነው። ጉልበት ይሰጣል፣ ጡንቻ ያበዛል፣ ፍላጎት ይጨምራል፤ ሰውየው "አሁን እወልዳለሁ" ይላል። ነገር ግን አንጎል ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሞልቶ ሲያይ ትእዛዝ መላኩን ያቆማል፤ ቆለጥም ስፐርም ማምረቱን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መርፌ ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት ሞክሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ውጤትም ሳምንታዊ መርፌ ከወሰዱት ወንዶች የአብዛኞቹ ስፐርም ፈጽሞ ጠፍቷል። ልጅ ፈልጎ የወሊድ መከላከያ የሚወጋ ሰው እንዳይኖር፣ እባካችሁ ይህን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

በሌላ በኩል ለድብርት ወይም ለሌላ የአእምሮ ሕመም በሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ ወይም ዘር መርጨትን ያዘገያሉ፤ ያም ሊስተካከል ይችላል፤ ለሐኪማችሁ ንገሩትና ይቀይረዋል።

ወደ ሦስተኛውና ለእኔ ወደ ከበደው ነጥብ ደርሻለሁ፤ ወደ ዝምታችን።

ልጅ ሲጠፋ የምትመረመረው ማን ናት? ሚስት ናት። ወደ ሐኪም የምትሄደው እሷ፣ ጸበል የምትጠመቀው እሷ፣ ሼኹ ጋ የምትቀመጠው እሷ፣ ሥራ ሥር የምትጠጣው እሷ ናት። ባል ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ጥቂት ዓመት አልፎ ሁለተኛ ያገባል፤ እሷም ካልወለደች ሦስተኛ። ሦስት ሴቶች በአንድ ሰው ምክንያት መካን ተብለው ሲጠሩ ይኖራሉ፤ እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረም። ይህ በደል ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። የወንድ ምርመራ ከአንድ ሠርግ ወጪ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ሚስቱ ከምታልፍባቸው የማኅፀንና የቱቦ ምርመራዎችም እጅግ ይቀላል። ስለዚህ ወንዱ ከሚስቱ ጋር አብሮ፣ ቢቻል ቀድሞ ይመርመር እላለሁ።

ለምን አይመረመርም? ፈርቶ ነው። ውጤቱ ወንድነቱን የሚነጥቀው ይመስለዋል። ፍርሃቱ የሐሳብ ችግር ነው፤ በእኔ ግምት ከኮርቲሶልም ከሙቀትም በላይ ብዙ ወንዶችን ከአባትነት ያስቀረው ይኸው ፍርሃት ነው። ምክንያቱም ከወንድ መካንነት ምክንያቶች ብዙዎቹ ተገኝተው የሚታከሙ ወይም መፍትሔ የሚፈለግላቸው ናቸው። የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ አለ፤ ቫሪኮሲል ይባላል፤ ከመቶ ወንድ 15 ገደማ ላይ ይታያል፤ ልጅ ካጡት መካከል ግን ከሲሶ በላይ ላይ፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሳይታከም የቆየ ጨብጥ የዘር ቱቦን ይዘጋል። ጎልማሳ ሆኖ ጆሮ ደግፍ የያዘው ሰው ቆለጡ ሊጎዳ ይችላል። በልጅነቱ ቆለጡ ያልወረደለት አለ። እነዚህ አንዳቸውም የወንድነት ማነስ አይደሉም፤ ሰውየው አልጋ ላይ ምንም ሳይጎድለው ዘሩ ውስጥ አንድም ስፐርም ላይኖር ይችላል። ጉልበትና ዘር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ፤ የማይታወቅ ነገር ነው የሚያስፈራው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ትቆያለህ። ለብቻህ ክፍል ውስጥ የዘር ፈሳሽህን በንጹሕ ዕቃ ትሰጣለህ። በሃይማኖትህ ወይም በባሕርይህ ምክንያት ይህ የማይሆንልህ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገር፤ ከሚስትህ ጋር ለምርመራ በተሠራ ልዩ ኮንዶም መሰብሰብ ይቻላል፤ ከቤት አምጥተህም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሳይቀዘቅዝ ማድረስ ይቻላል። ላቦራቶሪው መጠኑን፣ ብዛቱን፣ እንቅስቃሴውንና ቅርጹን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከጠቅላላውም 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ ዝቅተኛው ማነጻጸሪያ ነው። ከዚህ በታች ሆኖ የወለደ አለ፤ ከዚህ በላይ ሆኖ ያልወለደም አለ። አንድ ውጤት ፍርድ አይደለም። ያመመህ፣ ትኩሳት የነበረብህ፣ ለቅሶ ላይ የከረምክ ከሆነ ውጤቱ ሊወርድ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል።

በሁለቱም ሃይማኖቶቻችን የሚታወቅ አንድ ሰው አለ፤ ነቢዩ ዘከሪያ፣ ካህኑ ዘካርያስ። አርጅቶ ልጅ የሌለው ሰው ነበር፤ ሐዘኑን በልቡ ቆልፎ አልተቀመጠም፤ ለፈጣሪው በቃል ተናገረ። ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን ይህን ታሪክ ለወንዶች ስትነግሩ አንድ ቃል እንድትጨምሩልኝ እለምናለሁ፤ ዱዓውም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሰውየው ግን ይመርመር። እናንተ የምትሉት ቃል እኔ ከምለው ሁሉ በላይ ይሰማል።

ወዴት ይኬድ? ለመጀመሪያ ምክር ድሬዳዋ የድል ጮራ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ለጅግጅጋ የሚቀርባችሁ የሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው አዲስ አበባ ይላካል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ስፐርሙ በጣም ጥቂት ለሆነ ሰው አንዱን ስፐርም በመርፌ ወደ እንቁላሉ የማስገባት ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም ላይ ይሠራበታል። ሚስትህ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች 12 ወር አትጠብቁ፤ በስድስት ወር ሂዱ። ስትሄዱም ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ሐሳብህ፣ ስለ መኝታህ ለሐኪሙ ንገረው፤ ባይጠይቅህም ንገረው። እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ መኖር ካስጠላህ ደግሞ ያ ራሱ ሕመም ነው፤ ልጅ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሂድ።

የዚህ ከተማ የጤና ባለሙያዎች አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንድ ወንድ ራስ ምታት ብሎ፣ ወገቤን ብሎ፣ ደከመኝ ብሎ ሲመጣ በሩን ዝጉና "ቤትህስ እንዴት ነው?" በሉት። ብዙዎቹ የመጡበት ጉዳይ ያ ነው።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ወረቀትና እስክሪብቶ በየረድፉ ታድሏል። ጥያቄያችሁን ስም ሳትጽፉ በአማርኛም በሶማሊኛም ጻፉ፤ የሶማሊኛውን የሚተረጉምልኝ የጤና ባለሙያ አጠገቤ አለ። ሌሊት መንገድ የምትጀምሩ ሾፌሮች ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ ስጡን፤ ከእናንተ እንጀምራለን።